የፍሳሽ ናሙናው ማመልከቻ፦ ረቂቅ 3 ላይ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ወጥቷል። የማኅበራችን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ዓላማው ያው ነው፤ ከፍሳሽ ናሙና ወስደን የኮሮናን ዝርያዎች በሲኩዌንሲንግ፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል በማንበብ፣ መከታተል። ቦታዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ መግቢያው ላይ፣ ኮተቤና አንድ ኮንዶሚኒየም። በጀቱን ብቻ እዩ።

ከቃሊቲ፦ በጀት ብቻ አይደለም። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ቤቱ ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ጉድጓድ ነው ያለው፤ ሲሞላ በመኪና ይመጠጣል። ጣቢያው በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቷል፣ እውነት ነው። የሚደርሰው ግን መስመር የገባላቸው ሰፈሮች ውሃ ነው። ረቂቁ ላይ «የከተማው ሥዕል» የሚለውን አውጡት።

ፒሲአር ክፍል፦ ኮተቤን ያስገባነው ለዚህ ነው፤ መጣጭ መኪኖቹ እዚያ ይደፋሉ። ግን ወራት ጉድጓድ ውስጥ የቆየ ዝቃጭ የዚህን ሳምንት ዝርያ አይነግረንም። አርኤንኤው (የቫይረሱ ዘረመል) ተበጣጥሷል። ከኮተቤ ይልቅ ሁለተኛ ኮንዶሚኒየም ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 7 ላይ «አንጸባራቂ ሰደርያ ከማኅበሩ ዓርማ ጋር፣ 60 ሺህ ብር» ይላል። ማነው ይህን ያስገባው?

ከሐዋሳ፦ እኔ ነኝ። ማንሆል ስንከፍት ጥበቃዎቹ ምን እንደሆንን ይወቁ። ባለፈው ያለ ሰደርያ ሄደን ሌባ ተብለናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰደርያ ይገዛ። ዓርማው ለምን? ሕትመቱ ብቻ ግማሹን ዋጋ ይበላል።

ከቦሌ፦ ዓርማ ከሌለው የውሃና ፍሳሽ ሠራተኛ ነው የምንመስለው። ነዋሪው ስለ ቆጣሪ ክፍያ ሊጨቀጭቀን ነው።

ከቃሊቲ፦ ዓርማ ካለውም ሰው ይደነግጣል። «የጤና ሰዎች ሽንት ቤታችንን መረመሩ» ከተባለ በነጋታው ግቢው በሽታ ገባ ተብሎ ይወራል። ደብዳቤ ይዘን እንሂድ፣ በቃ።

ከሐዋሳ፦ ደብዳቤ የሚያነብልህ ጥበቃ ካገኘህ ንገረኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለጉባኤው ባነርም እንዲህ ተባለ። ባነሩ የት ነው አሁን? ማን ቤት ነው ያለው?

ከሐዋሳ፦ ይሄ ለኔ ከሆነ በግልጽ ተናገሪ። ባነሩን እኔ አልወሰድኩም።

ፒሲአር ክፍል፦ ስለ ሰደርያ 8 መልእክት ቆጠርኩ። ስለ ሪኤጀንት፣ ስለ ምርመራ ኬሚካሉ፣ አንድም የለም። የሲኩዌንሲንግ ዕቃዎቹ፣ ፍሎው ሴልና ፕራይመር፣ ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ሳይሞቁ የሚጓጓዙበት የቀዝቃዛ ሰንሰለት ጉምሩክ ላይ ከተበጠሰ ፕሮጀክቱ አለቀ ማለት ነው። ደግሞ ከፋብሪካ የሚመጣ ቀለምና ኬሚካል ከተቀላቀለበት ፒሲአሩ (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚያገኘው ምርመራ) ይታፈናል። ንጹሕ ውጤት አየሁ ብለህ ደስ ይልሃል፤ ቫይረሱ ግን አለ። መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። የበርበሬ ቫይረስ የሚባለውን እንለካለን። ተክሉን እንጂ ሰውን አይጎዳም፤ በርበሬ የበላ ብዙ ሰው ያወጣዋል። በክረምት ዝናቡ ፍሳሹን ሲያቀጥነው በእሱ እናስተካክላለን። ይህ በጀት ውስጥ የለም። ሰደርያ አለ!

መሥራች አባል፦ ልጆች፣ ቀስ በሉ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2022 ፖሊዮን ያገኘችው ከፍሳሽ ነው፤ አንድም ሽባ የሆነ ሰው ሳይመጣ። ሳንዲያጎ ላይ አዳዲስ የኮሮና ዝርያዎች በፍሳሽ እስከ 14 ቀን ቀድመው ታይተዋል። ሰው ሳይታመም፣ ወረፋ ሳይዝ፣ አፍንጫው ሳይነካ። ለእኛ አገር የሚሆነው ይህ ነው። ሰደርያው ያለ ዓርማ ይገዛ። ሲያስፈልግ ባጅ አንጠልጥሉ።

ከሐዋሳ፦ እሺ ጋሼ። ለእርስዎ ስል።

ገንዘብ ያዥ፦ ባጁንስ ማን ያትማል?

ከቦሌ፦ ባጁ ይቆየን። የአውሮፕላን ፍሳሽ ለምን አልገባም? ቦሌ የአፍሪካ መግቢያ በር ነው። አሜሪካና አውስትራሊያ ከአውሮፕላን መጸዳጃ ናሙና ወስደው ዝርያ ለይተዋል። ገንዘብ ሰጪው የሚወደውም ይህን ነው። ደቡብ አፍሪካ ኦሚክሮንን ለዓለም ስታሳውቅ እኛ ዜናውን ነበር የምናነበው።

ከቃሊቲ፦ የአውሮፕላን ማረፊያው ፈቃድ እስከ ሐሙስ? ሕልም ነው።

ከቦሌ፦ ሕልም የሌለው ማመልከቻ ማን ገንዘብ ይሰጠዋል?

ፒሲአር ክፍል፦ ትንተናውን ማን ይሠራል መጀመሪያ? ናሙናው ውስጥ ያለው የአንድ ሰው ቫይረስ አይደለም። የሺህ ሰው ቫይረስ ተደበላልቆ ነው የሚመጣው፤ የትኛው ዝርያ ስንት እጅ እንደሆነ ፍሬያ በሚባል ሶፍትዌር ይሰላል። «እኔ እይዘዋለሁ» ያለው ልጅ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

ጸሐፊ፦ ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። አውቶማቲክ ናሙና መቅጃውን አበድራለሁ ያለችውም አልመለሰችልኝም።

ከቃሊቲ፦ መቅጃው ቢቀርስ? ፋሻ በሲባጎ አስረን ማንሆሉ ውስጥ እንሰቅለዋለን። በማግስቱ አውጥተን በጓንት እንጨምቀዋለን። ለታይፎይድ ድሮ የተሠራበት ዘዴ ነው። ፍሳሹን አንዴ ብቻ ከመቅዳት ይሻላል፤ ቀኑን ሙሉ ያለፈውን ይይዛል።

ከሐዋሳ፦ ይሄ ጥሩ ነው። እኔ እሰቅላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲህ ተንታኝ ከሌለ፣ ሪኤጀንቱም በጊዜ ካልገባ፣ የሲኩዌንሲንጉን ገንዘብ ወደ ዲፕ ፍሪዘር እናዙረው። ናሙናውን እናስቀምጥ፤ ሲኩዌንሲንጉ በሁለተኛው ዓመት ይሁን። በተረፈው ቢሾፍቱ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና።

ፒሲአር ክፍል፦ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ማንንም ቀድሞ አያስጠነቅቅም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ምን ልናደርግ ነው? ጀነሬተሩ በማን በጀት ነው?

መሥራች አባል፦ ልጄ፣ ልክ ነሽ። ግን ባዶ እጅ ከምንቀር ይህ ይሻላል።

ከቦሌ፦ ሥልጠናው ላይ የአውሮፕላኑ ነገር በአንድ ርዕስ ይግባ።

ፒሲአር ክፍል፦ እኔ ስሜን አወጣለሁ። ቢያንስ ኮንዶሚኒየሙ በየሳምንቱ በፒሲአር ይመርመር። ይህን ካልጻፋችሁ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ጽፌዋለሁ፤ ገጽ 4 ላይ፣ «አቅም በፈቀደ መጠን» በሚል። ርዕሱን «የፍሳሽ ናሙና አያያዝ አቅም ግንባታ» አድርጌዋለሁ።

ፒሲአር ክፍል፦ «አቅም በፈቀደ» ይውጣ። «በየሳምንቱ» ብለህ ጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ የዓመት መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስሙ ማመልከቻው ላይ አይገባም። ደረሰኝ እስከ ረቡዕ ላኩልኝ። ከሐዋሳ ያለኸው፣ የሁለት ዓመት አለብህ።