የጎደለ ጎማ አልፈርምም ስል ማስጠንቀቂያ በዛብኝ፤ ሕግ ይጠብቀኛል?

የስቶሯ፦
ከሜክሲኮ ወረድ ብሎ ያለ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። አምስት ዓመቴ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ገባ። ደረሰኙ 24 ይላል። ሁለቴ ቆጠርኩ፣ 16 ነው። የግዥው ልጅ "ቀሪው ነገ ይመጣል፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ" አለኝ። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። አልፈረምኩም፤ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳወቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ጣጣዬ ሁሉ አሻራ ማሽኑ ጋ ሆነ። የምመጣው ከሽሮ ሜዳ ነው፤ የአራት ኪሎን የታክሲ ሰልፍ ታውቁታላችሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ስድስት ደቂቃ ሳረፍድ ያየኝ የለም። አሁን በሦስት ሳምንት ሁለት ማስጠንቀቂያ! ትናንት ደግሞ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቡና ጋብዛኝ "በራስሽ ፈቃድ ብትለቂ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሻለን" አለችኝ። (ማኪያቶው ግን ጥሩ ነበር።) ምን ላድርግ?

ልደታ የማይጠፋ፦
ሕጉ አለ፤ "ጠቋሚ" የሚለውን ቃል ግን እዚያ አትፈልጊው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26፣ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። በዚህ ከተባረርሽ ወደ ሥራ መልሱኝ ብለሽ መክሰስ ትችያለሽ።

ግን "ስለተናገርሽ አባረርንሽ" ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም። የሚጽፉት ማርፈድ ነው። በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለት ወዲያውኑ፣ ይሰናበታል፣ አንቀጽ 27። እየቆጠሩልሽ ነው። በቃ፣ ለጊዜው አንድ ታክሲ ቀድመሽ ውጪ።

መልቀቂያውን እንዳትፈርሚ። በፈቃዷ ለቀቀች ከተባለ ተባረርኩ ብለሽ መከራከሩ ይከብድሻል። ካባረሩሽ ደግሞ አትዘናጊ፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም ማለት ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦
የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚባል አዋጅ አልነበረም እንዴ?

ልደታ የማይጠፋ፦
አለ፣ 699/2003። እሱ የወንጀል ነው፤ ያውም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ። ስምንት ጎማ እዚያ መድረሱን እንጃ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔም በስቶር ነው ያረጀሁት። ብትፈርሚ ኖሮ ስምንቱ ጎማ ያንቺ ዕዳ ነበር። እኔ አንዴ ባለቤቱን አምኜ 10 ኩንታል ሲሚንቶ ሳልቆጥር ፈረምኩ፤ ከደሞዜ ስንት ወር ተቆረጠ መሰለሽ!

ደብዳቤሽን በሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ቁጥር ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ይመልስልሽ። ማስጠንቀቂያ ሲሰጡሽ አልቀበልም ብለሽ አትወርውሪ፤ "ደርሶኛል፣ አልስማማበትም" ብለሽ ፈርሚ። ደረሰኙን ደግሞ ቦርሳሽ ከተሽ ወደ ቤት እንዳትወስጂ፤ ሌባዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ቁጥሩን ማስታወሻሽ ላይ ያዢ፣ ይበቃል።

የስቶሯ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለካ ያኔ ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ በእጄ ሰጥቼ ነው የመጣሁት፤ ኮፒ የለኝም። ዛሬ የድሮውን ቀን ጠቅሼ እንደገና ጻፍኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ማኅተሙን መታችና ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺም?" አለችኝ። ከእኔ በፊት ማን እንደነበር ግን አልነገረችኝም።