የአሜሪካ ተራዬን ሳላጣ እንግሊዝ ሄጄ መሥራት እችላለሁ?

በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ባለዲግሪ ነርስ ነኝ። ኤንክሌክስ የሚባለውን የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና አልፌያለሁ። አንድ የአሜሪካ ሆስፒታል በኢቢ-3፣ ማለትም በቀጣሪ በኩል በሚገኘው የግሪን ካርድ ዘርፍ፣ ስፖንሰር አድርጎኝ አይ-140 የሚባለው የቀጣሪው ማመልከቻ ጸድቋል። ነርስነት ሼጁል ኤ በሚባለው የሠራተኛ እጥረት ያለባቸው ሙያዎች ዝርዝር ስለሚካተት ቀጣሪው መጀመሪያ የአገሩን ሰው ፈልጎ ማጣቱን ማስመስከር አላስፈለገውም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ፈጥኖ ነበር።

ከዚያ ቆመ። የቪዛ ተራ የትኛው ቀን ላይ እንደደረሰ የሚያሳውቀውን ቪዛ ቡለቲን በየወሩ አያለሁ፤ የእኔ ቀን አልደረሰም። አንዳንዴ ጭራሽ ወደኋላ ይመለሳል። የእንግሊዝኛ ፈተናው የአይኤልትስ ውጤት ደግሞ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው።

አሁን እንግሊዝ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። የእንግሊዝ ነርሶችን የሚመዘግበውን የኤንኤምሲን የኮምፒውተር ፈተና ጨርሻለሁ፤ ኦስኪ የሚባለውን የተግባር ፈተና እዚያ ደርሼ እወስዳለሁ። ቪዛው ለነርስ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ እንድሄድ ይፈቅዳል። ለእኔ ከደሞዙም በላይ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የአሜሪካውን ጉዳይ የያዘልኝ ኤጀንት ግን «ከሄድሽ ፋይልሽ ይዘጋል» ይላል። ያማከርኩት ጠበቃ በበኩሉ ኢቢ-3 ለወደፊት ሥራ የሚሰጥ ስለሆነ እስከዚያ የትም ብሠራ ችግር የለውም አለኝ። ውሌን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለዚህ ምንም አይልም። ለቀጣሪው በቀጥታ ስጽፍ «ኤጀንቱን ጠይቂ» የሚል መልስ መጣ። የእንግሊዙ ቀጣሪ ደግሞ ቶሎ ወስኚ እያለኝ ነው።

አይ-140 ጸድቆላችሁ ቀን እየጠበቃችሁ እንግሊዝ የገባችሁ ነርሶች፦ ተራችሁ ሳይነካ ቃለ መጠይቃችሁን ለንደን ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ ማዛወር ችላችኋል?