የከሰል ጡቤ እየፈረሰ አስቸገረኝ
ሰላም ወገኖች፣ ከቆቦ ነኝ። የማሽላ አገዳ በበርሜል አክስዬ፣ ዱቄቱን በጭቃ ለውሼ የከሰል ጡብ እየሠራሁ ነው። አገዳውን ያገኘሁት ከከብቶቹ ጋር ተሻምቼ ነው፤ እዚህ የሚጣል አገዳ የለም።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቄ ሳነሳው ጠርዙ እጄ ላይ ይረግፋል። ጭቃ ስጨምርበት ይጠነክራል፤ ግን አመዱ ይበዛና አቦሉ ሳይወርድ እሳቱ ይዳፈናል። እማዬ «ይሄ ከሰል ነው ወይስ ምርጊት?» ብላ ሳቀችብኝ። ደግሞ ይጨሳል፤ አገዳው በደንብ ሳይከስል ቀርቶ ይሆን?

በጭቃ ፋንታ በስታርች (ከበቆሎ ወይም ከካሳቫ የሚወጣ ነጭ ዱቄት) ወይም በሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ዝልግልግ ተረፈ ምርት) አጣብቃችሁ የሞከራችሁ፣ ለ10 ኪሎ ዱቄት ስንት ትጨምራላችሁ? ማሽን የለኝም፤ በቲማቲም ጣሳ ነው የምጠቀጥቀው። እባካችሁ፣ በእጅ የሠራ ሰው ይንገረኝ።