አባታችን በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው አልነሳ ይላል፤ ምን እናድርግ?

የጎንደሯ፦ ጤና ይስጥልን። አባታችን 71 ዓመታቸው ነው፤ ፓርኪንሰን የሚባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ አለባቸው። ሳሎን ውስጥ ደህና ይራመዳሉ፤ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸው መሬቱን ይዞ ይቀራል። እጃቸውን ስንስብ ሊወድቁ ይደርሳሉ። ለበሽታው የሚወስዱት ክኒን ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ነው። ዊልቸር እንግዛ?

ፊዚዮ፦ ዊልቸሩ ይቆይ። መሳቡን ግን ዛሬውኑ ተዉት፤ እግር ሳይነሳ ደረት ወደፊት ሲሄድ ነው የሚወድቁት። እግራቸው ሲያዝ ቆም ብለው ይተንፍሱ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያመላልሱ፣ ከዚያ ሰፋ አድርገው ይራመዱ። ደፉ አካባቢ ከወለሉ ቀለም የሚለይ ፕላስተር በእርምጃቸው ልክ እያራራቃችሁ በአግድም ለጥፉ። መስመሩን ልሻገር ሲሉ እግር ይነሳል፤ በሽታው በይበልጥ የሚጎዳው ሳናስብ የምንራመድበትን ነው፣ አይቶና አስቦ መርገጥ ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይጎዳም። ሲዞሩም ባሉበት አይሽከርከሩ፣ ዞር ያለ መንገድ ይያዙ። እየተራመዱ ወሬ አታስጀምሯቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ አለ፤ ውሰዷቸው።

የእማዬ አስታማሚ፦ ለእናቴ የሠራላት ጭብጨባ ነው። መዝሙር ይዘን ስናጨበጭብ በምቱ ትሄዳለች። ትንንሽ ምንጣፎችን በሙሉ አንሡ። እያነሡ የሚያስቀምጡት ባለአራት እግር መደገፊያ ግን እሷን ይባስ አቆማት።

ፋርማሲስቱ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የሚብስባቸው ክኒኑን ከመዋጣቸው በፊት ነው ወይስ ከዋጡ በኋላ? ሰዓቱን እየጻፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ሕክምናው በዚህ ይለያያል። ክኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ ቢቀድም ይሻላል። ፕሮቲን መድኃኒቱን ይሻማዋል፤ ሥጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሽሮና ምስርም አሉበት። ለማቅለሽለሽ ደግሞ ፕላሲል ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ ከሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ፓርኪንሰንን ያብሳል።

የጎንደሯ፦ የሚብስባቸውስ ጠዋት ነው። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክኒኑንም አይቀምሱም።

ፋርማሲስቱ፦ እንግዲህ ከፕላስተሩ በፊት ይሄ ይቅደም። ያን ሁሉ ሰዓት ያለ መድኃኒት ሲውሉ እግራቸው ቢያዝ አይገርምም። ጨርሶ በድንገት ማቆም ደግሞ ከባድ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪሙ ዛሬ ደውሉ።

የእማዬ አስታማሚ፦ እህቴ፣ የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሯቸው። እናቴም እኛ ስንለምናት እምቢ ብላ እሳቸው «ለታመመ መድኃኒት ጾም አይሽርም» ሲሏት ነው የዋጠችው።

የጎንደሯ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባ ማታ ይመጣሉ፤ ፕላስተሩንም ወንድሜ ሊገዛ ወጥቷል።