ቡችላ በአደራ፦ ከመስከረም 18 እስከ ጥቅምት 5

የሆጤዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ በቃል ያነሳሁትን፣ ቡችላ በአደራ የማሳደግ ሐሳብ ጽፌ አምጥቼዋለሁ፤ እያረማችሁ የጋራችን ዕቅድ ይሁን። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ ልጄ እዚሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ጋ ከቦይ ውስጥ ሦስት ቡችሎች አውጥታ በነጠላዋ ይዛ መጣች። ሌሊቱን ሲዘንብባቸው ነው ያደረው። እናታቸው የለችም፣ ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው። ካርቶን ውስጥ ጆንያ አነጠፍን፣ ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውኃ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን አጠገባቸው አስተኛን። የላም ወተት ሰጠናቸው፤ ተቅማጥ ያዛቸው። አንዷ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጄ ዛሬም ስታነሳት ድምጿ ይሰበራል። ከሁለቱ አንዱን ጎረቤት ወሰደው፣ አንዱ እኛው ጋ ነው።

ይሄን ለእህቴ በስልክ ስነግራት ነው የራሷን የነገረችኝ። እሷና ቤተሰቧ አሜሪካ ነው የሚኖሩት፣ የመሪ ውሻ፣ ማለት ዓይነ ስውር ሰው መንገድ የሚመራ ውሻ፣ ቡችላ ያሳድጋሉ፣ በነፃ። ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይረከቡታል፣ ዓመት ከምናምን ያሳድጉና ለማሠልጠኛው ይመልሱታል። እነሱ የሚያለማምዱት መምራትን ሳይሆን ሰው አለመፍራትን፣ በመኪና ጥሩንባ አለመደንገጥን፣ ሰው ላይ አለመዝለልን ነው። መምራቱን አሠልጣኞቹ በኋላ ወራት ወስደው ያስተምሩታል። ሲመልሱት ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ግን ለማን ዓይን እንደሚሆን ስለሚያውቁ ሌላ ይቀበላሉ። እኛም እንዲህ ብናደርግስ? የማኅበራችን ቤተሰቦች ቡችላ በአደራ እናሳድግ፣ ለዓይነ ስውራን ወገኖቻችን መሪ ውሻ ይሁን።

የኮምቦልቻው ተማሪ፦
እትዬ፣ እኔ ከአሁኑ ገብቻለሁ። የመጀመሪያው የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት በ1916 እ.ኤ.አ. ጀርመን ኦልደንቡርግ ላይ ነው የተከፈተው፣ ጦርነት ዓይናቸውን ለወሰደባቸው ወታደሮች። አሜሪካም በ1929 ተከተለች። እኔን የሚገርመኝ ውሻው ባለቤቱ «እንሂድ» ቢለው እንኳ መኪና እየመጣ ከሆነ እምቢ ብሎ መቆሙ ነው። ወሎ ላይ ለምን አንጀምረውም?

መምህሩ፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከልቤ ነው። ግን ዓይነ ስውሩ እኔ ነኝና አንድ ነገር ልበል። ማለዳ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውኃ ስሄድ የሚያስቆመኝ ጉድጓድ አይደለም። ጉድጓዱን በትሬ ያገኘዋል። የሚያስቆመኝ ውሻ ነው። የሠፈራችን ውሻ በዱላና በድንጋይ ነው ያደገው፣ ስለዚህ ነጭ በትሬን ሲያይ ልመታው የመጣሁ ይመስለዋል። እኔ መንገዴን እያንኳኳሁ ነው የምሄደው፣ እሱ ደግሞ ድብደባ ነው የሚታየው። ሁለታችንም ፈርተን እንቆማለን። ነገ መሪ ውሻ ቢመጣልኝ እነዚያው ተሰብስበው ይቦጫጭቁታል። መጀመሪያ የመንገዱን ውሾች በትር አስለምዱልኝ።

የአራዳዋ፦
መምህር ያሉት ልክ ነው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። እኛ ቤት ሰላት አለ። የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ አለብን። ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱንም ግን ተምረናል። ስለዚህ «ቡችላው ግቢ ውስጥ፣ በራሱ ቤትና በራሱ ሳህን» ተብሎ ይጻፍ። እንደዚያ ከሆነ አብሽሪ እህቴ፣ ሁለት ቡችላ እኔ እወስዳለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ክትባቱ ከሌለ ሁሉም ከንቱ ነው። ሦስት ወር የሞላው ቡችላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፣ በዓመቱ ይደገማል። ባለቤት ያላቸውም የሌላቸውም ተደምረው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመት ያቅተዋል። አንዳንዱ «በመርዝ ይገደሉ» ይላል። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፣ ቦታውም ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ያልተከተበ ይመጣበታል። ልጆቹ ደግሞ ይሄን ይልመዱ፦ ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ። ጠበሉም ዱዓውም ይኑር፣ መርፌው ግን አይቅር። ምልክቱ ከታየ በኋላ እኮ አንድም መድኃኒት የለንም።

የኮምቦልቻው ተማሪ፦
እሺ፣ ገባኝ። ቀኑን ልጨምር። መስከረም 18 ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ጥቅምት 5 የነጭ በትር ቀን። በመሀሉ 17 ቀን አለ። በመጀመሪያው ቀን እናስከትብ፣ በመጨረሻው ከመምህር ጋር ከፒያሳ እንነሳና መንገዱን አብረን እንሂድ። ውሾቹም ይምጡ።

የሆጤዋ እናት፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉትን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «መሪ ውሻ» የሚለውን ከአንቀጽ 1 አውጥቼ «በትር የማይፈራ ውሻ» ብዬ ጽፌያለሁ። የግቢው ነገር ገብቷል፣ ክትባቱና ቀኖቹም ገብተዋል። የክትባቱን ወጪ ከወርኃዊ መዋጯችን እናውጣ፤ የሚቃወም ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍ።

ትናንት ማታ በመጥረጊያ እንጨት ሞከርኩት። መሬቱን እያንኳኳሁ ስጠጋው ቡችላው ጆሮውን አጥፎ ቆጡ ሥር ገባ። እኛ መትተነው አናውቅም፣ ግን ሲመቱ አይቷል መሰለኝ። በመረቅ የራሰ ፍትፍት እንጨቱ ጫፍ ሥር አስቀመጥኩና ልጄና እኔ ዝም ብለን ተቀመጥን። ሁለቴ መጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው አንገቱን አርዝሞ በላ፣ እንጨቱንም አሸተተው። ቅዳሜ በትርዎን ይዘው ቢመጡ ቡና አፍልቼ እጠብቅዎታለሁ።