የግሪኮቹ «ቅኝ ግዛት» እንደ ጣልያን ነው ወይስ እንደ ጎጆ መውጣት?

የሞጣው መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሞጣ አካባቢ 9ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። እውነቱን ለመናገር የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። የታሪክ መምህር ስለጠፋ ተደረበልኝ፣ ስለዚህ ብሳሳት አትፍረዱብኝ።

ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ግሪኮች በሜዲትራኒያንና በጥቁር ባሕር ዳርቻ ብዙ ቅኝ ግዛቶችን መሠረቱ።» ጨርሼ ዞር ስል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቷል። «መምህር፣ እንደ ጣልያን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «አይ፣ ያኔ መትረየስ የለም» ብዬ ላልፍ ስል ልጁ አልለቀቀኝም። «ታዲያ የላካቸው ንጉሥ ማን ነው? ግብሩን የሚቀበለውስ?» እዚህ ላይ ደወል ባይደርስልኝ ጉዴ ነበር።

ማን ላካቸው? ለምን ሄዱ? የሄዱበትን አገርስ ምን አደረጉት? የገበሬ ልጆች ናቸውና እንዲገባቸው አድርጋችሁ ንገሩኝ።

ደጀን ማዶ፦

መምህር፣ ያ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ማርክ ጨምርለት። ያጣላችሁ ቃሉ ነው። እኛ «ቅኝ ግዛት» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጣልያንና እንግሊዝ ነው። ግሪኮቹ ግን «አፖይኪያ» ነበር የሚሉት። «ኦይኮስ» ቤት ነው፣ «አፖ» ደግሞ ርቆ መሄድን ያመለክታል። ከቤት ርቆ የተቀለሰ ቤት በለው። እኔ ብሆን ጎጆ መውጣት ብዬ ነበር የማስተምረው።

ንጉሥ ያልከው፣ ያኔ ግሪክ የሚባል አንድ መንግሥት የለም። እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች በ733 ዓ.ዓ. (ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለት ነው) ገደማ ሲሲሊ ደሴት ላይ ሲራኩስን አቆሙ። ስፓርታ ደቡብ ጣልያን ውስጥ ታራስን። ፎኬያ (ዛሬ ቱርክ ያለችበት ዳርቻ ናት) በ600 ዓ.ዓ. አካባቢ ማሳልያን፣ የዛሬዋን ማርሴይን። ናፖሊም ስሟ ከግሪክኛ ነው፣ አዲስ ከተማ ማለት። አዲሷ ከተማ የራሷን ሕግ ታወጣለች፣ የራሷን ሹም ትሾማለች፣ በአብዛኛው ለላኪዋ አትገብርም። ላኪዋ «ሜትሮፖሊስ» ትባላለች፣ እናት ከተማ ማለት ነው። ዛሬ ትልቅ ከተማን ሁሉ ሜትሮፖሊስ የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው።

ለልጆቹ ደስ የሚላቸው ደግሞ ይኼ ነው። ተጓዦቹ ሲነሡ ከእናት ከተማው የጋራ ምድጃ እሳት ይዘው ነበር የሚሄዱት፣ አዲሱ ምድጃ በዚያ እንዲለኮስ። አያቶቻችን ከጎረቤት በገል እሳት ይጭሩ የለ? ልክ እንደዚያ፣ ግን በመርከብ።

ለምን ሄዱ ላልከው ስለ ቴራ ልንገርህ። ዛሬ ሳንቶሪኒ የምትባለዋ ደሴት ናት። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ሰባት ዓመት ዝናብ ጠፋ፣ ደሴቲቱ ላይ ካለው ዛፍ ከአንዱ በቀር ሁሉም ደረቀ። ዴልፊ በሚባለው የግሪኮች መቅደስ ያለው ጠንቋይ ቀድሞውኑ «ሊቢያ ሄዳችሁ ከተማ ቆርቁሩ» ብሏቸው ችላ ብለው ነበር። በመጨረሻ ወንድምና ወንድም ዕጣ እንዲጣጣሉና የወጣበት እንዲሄድ ወሰኑ። መሪያቸው ባቱስ ይባላል። አንደበቱ የሚንተባተብ ሰው ነው። አንደኛው ወሬ እንደሚለው ዴልፊ የሄደው ስለ ድምፁ ሊጠይቅ ነበር፣ «ሂድና ሊቢያ ላይ ሕዝብ አስፍር» ተብሎ ተመለሰ። መድኃኒት ቢፈልግ አገር ሰጡት።

ሃምሳ ሃምሳ መቅዘፊያ ባላቸው ሁለት መርከቦች ሄዱ። የሚያደርጉት ጠፋቸውና ተመለሱ። ቴራዎች ግን ከወደብ ሆነው እየወረወሩባቸው «ወደመጣችሁበት ተመለሱ» አሏቸው። የገዛ ወንድሞቻቸው! እንደገና ሄደው አንዲት ደሴት ላይ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ሊቢያ ባሕር ዳር ስድስት ዓመት ቆዩ። በኋላ የአገሩ ሰዎች «የተሻለ ቦታ እናሳያችሁ» ብለው ምንጭ ዳር አደረሷቸው። «እዚህ ሰማዩ ቀዳዳ ነው» አሏቸው፣ ዝናብ አለ ለማለት። ይህቺ ቀሬና ናት፣ በ631 ዓ.ዓ. ገደማ የተቆረቆረችው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መስቀሉን የተሸከመው የቀሬናው ስምዖን አገር።

እዚያው ቀሬና የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ ውሉን ይዘረዝራል። ዕጣ ወጥቶበት አልሄድም ያለ ይገደላል፣ ንብረቱም ይወረሳል። አምስት ዓመት ታግለው ካልሆነላቸው ግን መመለስ ይችላሉ። ሲማማሉ የሰም ምስል ሠርተው አቃጠሉ፣ ቃሉን ያፈረሰ እንደዚህ ሰም ይቅለጥ እያሉ።

ቢቸናዊት፦

ወንድሜ ደጀን፣ ታሪኩን አሳምረህ ነገርኸን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን «ጎጆ መውጣት» ስትል አንድ ነገር ዘለልህ። ጎጆ የሚወጣ ሰው አባቱ በቆረሰለት መሬት ላይ ነው የሚሠራ። እነዚህ የሠሩት በማን መሬት ላይ ነው?

ሲራኩስን እንይ። ሌላው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግረናል። አርኪያስ የተባለው የቆሮንቶስ ሰው መጀመሪያ ሲኬሎችን፣ የአገሩን ነባር ሰዎች፣ ከተማው ከተሠራባት ትንሽ ደሴት አባረረ፣ ከዚያ ከተማውን ሠራ። በቃ። ሲኬሎቹ ወዴት ሄዱ፣ ልጆቻቸው የት አደሩ፣ የሚለው የለበትም። በኋላ እዚያው ሲራኩስ ውስጥ «ጋሞሮይ» የሚባሉ ባለርስቶች ነበሩ። ከሥራቸው ደግሞ መሬቱን የሚያርሱላቸው «ኪሊሪዮይ» የሚባሉ ገባሮች። ገባር ምን እንደሆነ ለጎጃም ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፣ አያቱን ይጠይቅ።

ቀሬናም ብትሆን እስከ መጨረሻው ከአገሬው ጋር በሰላም አልቀጠለችም። ሦስተኛው ንጉሥ፣ ዳግማዊ ባቱስ፣ «ኑ፣ መሬት እናካፍላችኋለን» ብሎ ከመላው ግሪክ ሰው ጠራ። የሚካፈለው የሊቢያውያን መሬት ነው። እነዚያው ምንጩን ያሳዩት ሰዎች! ቢቸግራቸው የግብፁን ፈርዖን አፕሪየስን ጠሩ፣ በ570 ዓ.ዓ. ገደማ ጦሩ መጥቶ ተሸነፈ። እንግዳ ተቀብሎ ምንጭ ያሳየ ሰው ምን እንደደረሰበት እዩ።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ነበር አልልም። ማሳልያ የተመሠረተችው በሠርግ ነው ይባላል፣ የአገሩ ሹም ልጅ ባሏን ስትመርጥ ጽዋውን ለግሪኩ እንግዳ ሰጠችው ተብሎ። ጥሩ ተረት ነው፣ የሚያወራው ግን እንግዳው ወገን ነው። ግብፅ ውስጥ ናውክራቲስ ላይ ደግሞ ተገልብጦ ነው፣ ባለቤቱ ፈርዖን ነው፣ ግሪኮቹ እሱ በፈቀደላቸው ቦታ የሚነግዱ ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ መምህር፣ ልጁ «እንደ ጣልያን ነው?» ሲልህ «አዎ» ካልከው ስህተት ነው። «አይደለም» ብለህ ካለፍከውም ሲኬሎቹን ሁለተኛ አባረርካቸው።

ደጀን ማዶ፦

ተቀበልኩ። ሲኬሎቹን ረስቼ ነበር። ግን ከጣልያን የሚለየው ነገር አሁንም አለ፣ ሮም የምታዘው ዓይነት ማዕከል የለም። እንዲያውም ኮርኪራ (የዛሬዋ ኮርፉ ደሴት) እናቷን ቆሮንቶስን በባሕር ገጥማታለች፣ ቱኪዲደስ ከሚያውቃቸው የባሕር ውጊያዎች የመጀመሪያው የእናትና የልጅ ጠብ ነው።

የሞጣው መምህር፦

እንዴ! እኔ አንድ መስመር መልስ ስጠብቅ እናንተ አከራከራችሁኝ። ቢቸናዊት፣ የገባሩ ነገር ለክፍሉ በጣም ይጠቅመኛል። ባህሉስ? ማስታወሻዬ ላይ «የግሪክ ባህል ተስፋፋ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለኝ።

የዋሸራው፦

መምህር፣ እኔ ቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ፈረንጅ ታሪክ ያነበብኩት በኋላ ነው። «ባህል ተስፋፋ» የሚለው ዘይት ፈሶ የተንጣለለ ያስመስለዋል። እየተነካካ ነው የሄደው፣ እየተቀበለም እየሰጠም።

ፊደልን ውሰድ። ግሪኮች ፊደሉን ከፊንቄዎች ተቀበሉ። የፊንቄ ፊደል ከሳባና ከግእዝ ፊደል ጋር የአንድ ዘር ዝርያ ነው። ለዚህ ነው የኛ «አ በ ገ ደ» እና የነሱ «አልፋ ቤታ ጋማ ዴልታ» እንደ ወንድማማች የሚመሳሰሉት። ግሪኮች አናባቢ ጨመሩበት። ከዚያ ከኤቦያ ደሴት የተነሡ ሰዎች ኔፕልስ አጠገብ ኢስኪያ ደሴትና ኩማ ላይ ሲሰፍሩ ፊደሉን ይዘውት ሄዱ። ኤትሩስካውያን የሚባሉ የጣልያን ነባር ሕዝቦች ከነሱ ወሰዱ፣ ሮማውያን ከኤትሩስካውያን። ስልክህ ላይ እንግሊዝኛ ስትጽፍ የምትነካው ፊደል በዚያ መንገድ የመጣ ነው። ኢስኪያ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 ከአንድ መቃብር የወጣ የሸክላ ጽዋ አለ። በ8ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. ላዩ ላይ ግጥም ተጽፎበታል፣ ከዚህ ጽዋ የጠጣ በፍቅር ይያዛል የሚል ጨዋታ። ትልቁን የፊደል ታሪክ የመጠጥ ቤት ቀልድ ነው ያቆየልን።

ወይንም አለ። ፈረንሳይ ዛሬ በወይን ጠጅዋ ስትኮራ ግንዱን እዚያ ምድር ላይ ካለሙት መካከል የማሳልያ ሰዎች አሉ። ግሪኮቹም ተቀብለዋል፣ ሄሮዶቱስ ባለአራት ፈረስ ሠረገላ መጥመድን ግሪኮች የተማሩት ከሊቢያውያን ነው ይላል። የቀሬና ሴቶች የላም ሥጋ አይበሉም ነበርም ይላል፣ የግብፆችን ሴት አምላክ ኢሲስን አክብረው። ቀሬና ሀብታም የሆነችበት ደግሞ ሲልፍዮን የሚባል የዱር ተክል ነው፣ ቅመምም መድኃኒትም። ገንዘባቸው ላይ ሥዕሉን አተሙት። ለቅመው ለቅመው ጨረሱት፣ በሮማው ቄሣር በኔሮ ዘመን የተገኘው አንድ እግር ብቻ ነበር ተብሎ ተጽፏል።

አሁን ተማሪዎችህን የሚያስደነግጠውን ልንገርህ። ኬልቄዶንን ታውቃለህ አይደል? የ451ዱን ጉባኤ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለውን። እሷም የግሪክ ሰፈራ ናት! ሜጋራ የምትባል የግሪክ ከተማ ሰዎች ናቸው የቆረቆሯት። ከ17 ዓመት በኋላ እነዚያው ሜጋራዎች ከማዶ ቢዛንጢዮንን ሠሩ፣ የዛሬዋን ኢስታንቡል። አንድ የፋርስ ጦር አዛዥ ይህን ሲሰማ «ያኔ የኬልቄዶን ሰዎች ዕውሮች ነበሩ» አለ፣ ያን የመሰለ ቦታ ፊት ለፊታቸው እያዩ ትተውታልና። እኛ ቅኔ ቤት ይህን ብንሰማ ኖሮ ስንት ቅኔ ይወጣው ነበር።

ወደኛ ሲመጣ ግሪኮች እዚህ አልሰፈሩም፣ ይህን ለልጆቹ አጥብቀህ ንገር። ቋንቋቸው ግን በቀይ ባሕር ንግድ ገባ። የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ጻፉ። ኢዛናም የድል ጽሑፉን በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ አስቀረጸ። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ለነጋዴው እንዲነበብ ብለው ነው። የግእዝ ቁጥር ራሱ ከግሪክ ፊደል የተወሰደ ነው። ፩ አልፋ፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ እያለ ይሄዳል። ፻ን አስተውለህ እየው፣ የግሪኮቹ «ሮ» ናት፣ እነሱም ጋ መቶ ናት። ወንጌል፣ ዲያቆን፣ ቀኖና፣ ሲኖዶስ፣ ሁሉም ከዚያ ናቸው። ክፍልህ ውስጥ ክንድህን ያሳረፍክበት ጠረጴዛም «ትራፔዛ» ነው።

የአባይ ዳር ገበሬ፦

እኔ አልተማርኩም፣ ልጄ እያነበበልኝ ነው የሰማሁት። የዕጣው ነገር ገባኝ። እኛም አራት ወንድማማች ነበርን፣ የአባታችን መሬት ሦስት ጥማድ። ታናሻችን ከአባይ ማዶ ተሻግሮ ቀረ። ሲሄድ የጤፍ ዘር በአቁማዳ ይዞ ነበር። ዕጣ አልጣልንም፣ ግን ማን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የሞጣው መምህር፦

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የርስዎን ቃል ሳይቀር ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው።

ዛሬ ሰሌዳው ላይ «ቅኝ ግዛት» የሚለውን አላጠፋሁትም። ከሥሩ «አፖይኪያ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ደግሞ «የማን መሬት?»። ከዚያ ወረቀት ቀድጄ ዕጣ አጣጣልኳቸው። ክፍሌ ውስጥ መንታ ወንድማማቾች አሉ፣ ዕጣው ለታላቁ (በአሥር ደቂቃ ነው የሚበልጠው) ወጣ። ሌሎቹ «ቀሬና! ቀሬና!» እያሉ ጮኹ። ልጁ ግን ምንም አልሳቀ። ወረቀቱን እያገላበጠ ቆየና «መምህር፣ እኔ ከሄድኩ በሬዬን ማን ነው የሚጠምደው?» አለ። መንታው ከአጠገቡ ቀና ሳይል «እኔ ነኛ» አለው።