ስክሪፕቱ መሃል ላይ ኔት ሲቆረጥ የፋየርዎሉ ግሩፕ ተቆልፎ ይቀራል

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ያለ የአንድ መጋዘን ኔትወርክ የማየው እኔ ነኝ። ፋየርዎሉ ቼክ ፖይንት ነው። የካሜራዎቹን አይፒ በስማርት ኮንሶል (የፋየርዎሉ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) አንድ በአንድ መመዝገብ ሲሰለቸኝ በፓይተን ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ፤ የፋየርዎሉ ማስተዳደሪያ ሰርቨር ጋ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት በር) የሚገባ ክላየንት ነው። ከኤክሴል እያነበበ ለየካሜራው ሆስት (አይፒውን የያዘ መዝገብ) ይፈጥርና የካሜራዎቹ ግሩፕ ውስጥ ያስገባል። ቢሮ ሆኜ ሳስነሳው ጥሩ ይሠራል። ቤት ግን ኮንዶሚኒየም ነው፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ጭጭ ይላል። መብራት መጥቶ እንደገና ስሞክር ግሩፑ በሌላ ሴሽን (ሎግኢን ሲደረግ በሚከፈት የሥራ ክፍለ ጊዜ) ተቆልፏል ይለኛል። የሌሊት ጥበቃዎቹ ግቢውን የሚያዩት በእነዚህ ካሜራዎች ነውና ነገሩ በጣም አሳስቦኛል። ምን ላድርግ?

ሰበታ ነኝ፦
ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ትንሽ ባትሪ) ግዢለት። እኔን ገላግሎኛል።

የድሮ አድሚን፦
ዩፒኤሱ ጥሩ ነው፣ ግን ኔት በሌላ ምክንያትም ይቆረጣል። ክላየንቱ ራሱ ይህን መቻል አለበት።

እህቴ፣ ሎግኢን ስታደርጊ ሰርቨሩ ኤስአይዲ (የሴሽኑን መለያ) ይሰጥሻል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥያቄ ሄደሩ ላይ እሱን ይዞ ይሄዳል። የምትጨምሪው ሁሉ ፐብሊሽ (ለውጡን ይፋ አድርግ) እስክትይ ድረስ የዚያ ሴሽን ረቂቅ ነው፤ ሌላ ሰው አያየውም፣ የነካሽው ግሩፕም ይቆለፋል። ኔት ሲቆረጥ ሰርቨሩ መሄድሽን አያውቅም። ካልቀየርሽው 600 ሰከንድ ይጠብቅና ሴሽኑን ያቋርጠዋል። ረቂቁና ቁልፉ ግን እዚያው ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ለአሁኑ ስማርት ኮንሶል ላይ ሴሽኖቹን አውጥተሽ የቆየውን ዲስካርድ አድርጊው (ረቂቁን ጣዪው)። ለወደፊቱ ሎግኢን ላይ ለሴሽኑ የራሱ ስም ስጪው። ስክሪፕቱ ሲነሳ መጀመሪያ በዚያ ስም የቀረ ሴሽን ካለ ይፈልግ፣ በዩአይዲው (ሴሽኖቹ ሲዘረዘሩ በሚታየው መለያ) ዲስካርድ ያድርገው፣ ከዚያ ሥራውን ይጀምር። የሌላ አድሚን ሴሽን እንዳይነካ አደራ! የሰው ሥራ ነው የሚጠፋው። ስህተት ሲያጋጥም ዲስካርድ፣ መጨረሻ ላይ ሎግአውት የሚለውንም ጻፊ፤ ኔት ከሌለ ግን እነሱም ሰርቨሩ ጋ አይደርሱም፣ ስለዚህ የመነሻው ጽዳት አይቀርም።

ሌላው፣ ሁሉንም ጨርሰሽ አንዴ ፐብሊሽ አትበይ። ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ፐብሊሽ አድርጊ። ፐብሊሽ ታስክ አይዲ (የተጀመረውን ሥራ መከታተያ መለያ) ይመልስልሻል፣ ታስኩ ማለቁን ሳታዪ አትቀጥዪ።

ሱሉልታ፦
ስክሪፕቱ ላይ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት (ትክክለኛው ሰርቨር መሆኑን የሚያሳየውን) ማረጋገጥ አጥፍተሽው እንዳይሆን? የፋየርዎል ፓስወርድ ነው የምትልኪው። ሰርቨሩ ላይ ኤፒአይ ፊንገርፕሪንት የሚለው ትእዛዝ አለ፣ የሰርተፊኬቱን አሻራ ያሳይሻል፣ ከዚያ አመሳክሪ። የቼክ ፖይንቱ ቨርዥን አር80.40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በፓስወርድ ፋንታ ኤፒአይ ኪ (ለስክሪፕት መግቢያ የሚሰጥ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ተጠቀሚ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ተባረኩ። የቀረውን ሴሽን አግኝቼ ዲስካርድ ሳደርገው ግሩፑ ተለቀቀ። የመነሻውን ጽዳት ጽፌዋለሁ፣ ፐብሊሹንም ከፋፍዬዋለሁ። ሰርተፊኬቱን ነገ ገላን ስገባ ሰርቨሩ ላይ አመሳክራለሁ።